ቁጥሩ ከዓይን ሲነሳ፦ ማኅበራዊ ጭንቀትን በቨርቹዋል ሪያሊቲና በባዮፊድባክ ያከመ አንድ ጉዳይ

ይህ ጉዳይ እንዲመዘገብ ያደረገው በሕክምናው መሃል የተከሰተው ነገር ነው። ሕክምናው በቨርቹዋል ሪያሊቲ (ቪአር)፣ ማለትም በመነጽር ውስጥ በሚታይ በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ አካባቢ፣ እና በባዮፊድባክ፣ ማለትም የልብ ምትን የመሰለ የሰውነት ምላሽ በሴንሰር ለክቶ ለታካሚው መልሶ በሚያሳይ ዘዴ የተሰጠ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ክፍለ ጊዜዎች መሣሪያው ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ወረዱ፤ ታካሚዋ ግን ከክሊኒኩ ውጭ አንድ እርምጃ አልተራመደችም። መሣሪያው በትክክል ይሠራ ነበር። የተሳሳተው የልብ ምቷ ቁጥር የት እንዲቀመጥና ለምን እንዲያገለግል የተወሰነው ውሳኔ ነው። በ7ኛው ክፍለ ጊዜ ውሳኔው ተቀየረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ቀጥሎ ተጽፏል። ማንነቷን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች ተቀይረዋል፤ ጉዳዩ እንዲጻፍም ፈቅዳለች።

ዳራ

ታካሚዋ የ29 ዓመት ሴት ናት፤ በመረጃ ትንተና ሥራ ላይ 4 ዓመት ቆይታለች። የሥራ ክፍሏ በየሁለት ሳምንቱ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም የ10 ደቂቃ ሪፖርት በቃል ያቀርባል። እሷ ላለፉት 2 ዓመታት አንድም ጊዜ አላቀረበችም። አንዴ ታማለች፣ አንዴ መረጃው አልደረሰላትም፣ አንዴ ጽሑፏን ልካ ባልደረባዋ እንዲያነብላት ለምናለች። ወደ ሕክምና ያመጣት ያመለጣት ዕድገት ነው። ኃላፊዋ ሲጠይቃት "አስቤበት ልንገርዎት" ብላ ወጣች፤ ሳትመለስ ቀረች።

የጀመራት 14 ዓመቷ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ስታነብ ድምፅዋ ተቆርጦ ተማሪዎቹ ሲስቁ ነው። አሁን ግን ዋናው ፍርሃቷ ሳቁ አይደለም፤ ልቧ ነው። "ልቤ ሲመታ አንገቴ ላይ ይታያል። ሰው የምናገረውን አይሰማም፣ እሱን ነው የሚያየው" ትላለች። ስለዚህ በሙቀትም ቢሆን አንገቷን በሻርፕ ትሸፍናለች። እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ወረቀት በሁለት እጇ ጨብጣ ትይዛለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ከመናገሯ በፊት በልቧ ትደግመዋለች፤ የሰው ዓይን ላለማየት ግድግዳ ላይ ታፈጣለች። ሁሉም ለጊዜው ያሳርፋሉ፤ ሁሉም ፍርሃቱን ያቆዩታል። በዚህ ጽሑፍ የመሸሸጊያ ልማዶች እያልን እንጠራቸዋለን።

ከዚህ በፊት ሌላ ባለሙያ ዘንድ የመጋለጥ ሕክምና (የሚፈሩትን ነገር ሆን ብሎ እየተጋፈጡ መለማመድ) ጀምራ በ3ኛው ቀን ትታዋለች። የመጀመሪያው ልምምድ በቀጥታ በሰዎች ፊት መናገር ነበር፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ደረጃ አልተዘጋጀላትም።

ቅድመ ምርመራ

ልብ ምት ዋና ቅሬታ በሆነበት ጉዳይ መጀመሪያ ሐኪም ማየት ግዴታ ነው። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ፣ እንዲሁም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተደርጎላት ሁሉም ጤናማ ሆኖ ተገኘ። የሚጥል በሽታ ታሪክ የላትም፤ ብልጭ ድርግም የሚል ምስል መናድ የሚያስነሳበት ሰው መነጽሩን ማድረግ ስለሌለበት ይህ ሳይጠየቅ አይታለፍም። ከስብሰባ በፊት አልፎ አልፎ በሐኪም ትእዛዝ ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊ ግራም ትወስድ ነበር። መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚይዝ የባዮፊድባኩን ንባብ ትርጉም ያሳጣዋል። በየቀኑ የማትወስደው በመሆኑ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ለሕክምናው ጊዜ አቆመች። በየቀኑ የሚወስድ ሰው ግን በድንገት ማቆም የለበትም፤ ያ የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

በሊቦዊትዝ የማኅበራዊ ጭንቀት መለኪያ 84 አገኘች። መለኪያው 24 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ፍርሃትና መሸሽ ለየብቻ ከ0 እስከ 3 ስለሚሰጣቸው ጣሪያው 144 ነው። 30 አካባቢ ማኅበራዊ ጭንቀት መኖሩን፣ 60 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ችግሩ ወደ ብዙ የሕይወት ዘርፎች መስፋፋቱን ይጠቁማል። ድባቴዋ ቀላል የሚባል ነበር፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ አልነበራትም።

መሣሪያዎቹና የመጀመሪያዎቹ ብልሽቶች

መነጽሩ ያለ ገመድ የሚሠራ፣ ምስሉን በሰከንድ 90 ጊዜ የሚያድስና የዓይን እንቅስቃሴ የሚከታተል ነው። ባለሙያው በኮምፒውተር ሆኖ በምናባዊው አዳራሽ የተቀመጡትን ሰዎች ያዛል፦ ቀና እንዲሉ፣ ስልካቸውን እንዲያዩ፣ እርስ በርስ እንዲንሾካሾኩ፣ እንዲጠይቁ። ሰውነቷ ላይ ሦስት ሴንሰሮች ነበሩ፤ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነብ የደረት ቀበቶ፣ ትንፋሽ የሚለካ የሆድ ቀበቶ፣ በግራ እጇ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ላይ ደግሞ የቆዳን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም የሚለኩ ሁለት ኤሌክትሮዶች።

መጀመሪያ የተሞከረው ጣት ላይ የሚቆነጠጥ፣ በብርሃን የሚሠራ የልብ ምት ሴንሰር ነበር። ታካሚዋ ስትናገር እጇን ታንቀሳቅሳለች፤ እንቅስቃሴው በመስመሩ ላይ ሐሰተኛ ምት ይጨምራል፤ ምቱ በአንድ ጊዜ ከ92 ወደ 141 ዘሎ ይመለሳል። ወደ ጆሮ ሲዛወር የመነጽሩ ማሰሪያ ተጫነው። በደረት ቀበቶው ችግሩ አበቃ፤ ግን የቀበቶው መገናኛ ከመታሰሩ በፊት በውኃ መራስ አለበት። ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ንባብ ይበላሻል፤ ላብ ሲያረጥበው ራሱ ስለሚስተካከል ጥፋቱ ሳይታወቅ ያልፋል።

የጣት ኤሌክትሮዶቹም የራሳቸው ወግ አላቸው። እጅ በውኃ ብቻ ይታጠባል፤ አልኮል ቆዳውን አድርቆ ንባቡን ያዛባል። ኤሌክትሮዱ ከተለጠፈ በኋላ ጄሉ ቆዳው ውስጥ እስኪገባ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ጣት ደርቆ መስመሩ ሙት ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው የሰዓት መዛነፍ ነበር። የመነጽሩ ሰዓትና የሴንሰሮቹ ሰዓት በ4 ሰከንድ ይለያዩ ነበር፤ ይህም የታወቀው ከሁለት ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። የቆዳ ምላሽ አንድ ነገር ከተከሰተ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ቆይቶ ይነሳል። ሰዓቱ በ4 ሰከንድ ሲዛነፍ ጥያቄ የቀሰቀሰው ምላሽ ከጥያቄው በፊት የመጣ ይመስላል፤ ወይም ከእሱ በፊት ሰው ቀና ማለቱ ይወቀሳል። የሁለቱ ቀን መረጃ ለትንተና አልዋለም። መፍትሔው ቀላል ነበር። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ የደረት ሴንሰሩ በጣት ሁለት ጊዜ መታ መታ ይደረጋል፤ ምቱ በልብ መስመሩ ላይ እንደ እሾህ ብቅ ይላል፣ ድምፁ በመነጽሩ ማይክሮፎን ይቀዳል፣ ሁለቱ መዝገቦች በዚያ ይገጣጠማሉ።

መነሻ ልኬቱም ተስተካክሏል። ተቀምጣ ስትለካ ምቷ 74፣ ምንም ሳትናገር ዝም ብላ ስትቆም 88 ነበር። ንግግሩ ቆሞ የሚደረግ ስለሆነ መነሻው 88 መሆን አለበት፤ አለዚያ በመቆም ብቻ የመጡት 14 ምቶች ለጭንቀት ይቆጠራሉ።

የትንፋሽ ልምምድ

የባዮፊድባኩ የመጀመሪያ ሥራ ዘገምተኛ ትንፋሽ ማስተማር ነበር። ወደ ውስጥ ስንተነፍስ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ስናወጣ ይዘገያል። ትንፋሽ በደቂቃ ወደ 6 ሲወርድ ይህ መውጣትና መውረድ የደም ግፊትን ከሚያስተካክለው የሰውነት ዑደት ጋር ይገጥምና ሞገዱ በጣም ይሰፋል። ትክክለኛው ፍጥነት ከሰው ሰው ስለሚለይ 6.5፣ 6፣ 5.5፣ 5 እና 4.5 እያንዳንዳቸው ለ2 ደቂቃ ተሞከሩ። የእሷ ሞገድ የሰፋው 5.5 ላይ ነው፤ ይህም ወደ 4.5 ሰከንድ ማስገባትና ወደ 6.5 ሰከንድ ማስወጣት ማለት ነው። ጠዋትና ማታ 10 ደቂቃ እንድትለማመድ ተሰጣት።

በመጀመሪያው ሳምንት "ጣቴን ይነዝረኛል፣ ራሴን ያዞረኛል" ብላ ደወለች። ልታቆመውም ነበር። ዘገም ብላ ስትተነፍስ በጥልቀትም ትስብ ነበር፤ ያ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወርዳል፣ የመንዘርና የማዞር ስሜት ከዚያ ይመጣል። ትእዛዙ "በጥልቀት ይተንፍሱ" ከሚለው "ቀስ ብለው፣ ጥቂት ብቻ ይተንፍሱ" ወደሚለው ሲቀየር በሁለት ቀን ጠፋ።

የመጀመሪያው ዕቅድ

ዕቅዱ በወረቀት ላይ የሚያሳምን ነበር። 5 ደረጃዎች ተሠሩ፦ ባዶ አዳራሽ፣ 5 ጨዋ አድማጮች፣ 12 ፊታቸው ምንም የማይናገር አድማጮች፣ ስልክ የሚነካኩ 12 ሰዎች፣ መጨረሻ ላይ እያቋረጡ የሚጠይቁ ሰዎች። አንድ ክፍለ ጊዜ 75 ደቂቃ ይወስዳል፤ መነጽሩ ግን በ8 ደቂቃ ዙሮች ተከፋፍሎ በድምሩ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። የልብ ምቷ በምናባዊው አዳራሽ በቀኝ በኩል፣ ከላይ ጥግ ላይ፣ ከ100 በታች በአረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ በቀይ ይታያት ነበር። ሲቀላ ንግግሯን ገታ አድርጋ በተማረችው ትንፋሽ እንድታወርደው፣ ሲያረነጉድ እንድትቀጥል ታዘዘች። ራሷ የምትሰጠው የጭንቀት ነጥብ ከ0 እስከ 100 በየ2 ደቂቃው ይመዘገብ ነበር።

በ4ኛው ክፍለ ጊዜ አቅለሸለሻት። ምክንያቱ ሁለት ነበር። በዓይን ብሌኖቿ መካከል ያለው ርቀት 60 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ መነጽሩ ከቀደመው ተጠቃሚ በተረፈ በ67 ላይ ተስተካክሎ ነበር፤ ወደ መድረኩም የምትሄደው እግሯ ሳይነቃነቅ በእጅ መቆጣጠሪያ እየተንሸራተተች ነበር። ሌንሱ ተስተካከለ፤ መነሻዋም መድረኩ ላይ ቆማ እንዲሆን ተደረገ። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ማቅለሽለሽ ራሱ ልብን ያፈጥናል፣ ያልባል፣ ስለዚህ የዚያ ቀን መስመር ጭንቀት ይመስላል እንጂ ጭንቀት አልነበረም።

በ6ኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ሁሉም ያማረ ነበር። የጭንቀት ነጥቧ ከ80 ወደ 35 ወርዷል። ምቷ በንግግር መሃል በአብዛኛው አረንጓዴ ነበር።

የተሳሳተው

በዚያው ሳምንት በሥራ ቦታ አንድ ጥያቄ ብቻ ልትጠይቅ ስብሰባ ገባች። ተራዋ ሲቃረብ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ 118 ይላል። ለመተንፈስ ሞከረች፤ ቁጥሩ አልወረደም። "ቀይ ነው" አለች በልቧ፤ ተነስታም ወጣች። በ7ኛው ሳምንት የሊቦዊትዝ ነጥቧ 81 ነበር። ከ84 ወደ 81 የወረደው በመለካት ስህተትም ሊመጣ የሚችል ነው።

የዓይን መከታተያው መዝገብ ሲከፈት ነገሩ ተገለጠ። በመጨረሻው የ8 ደቂቃ ንግግር 57 ጊዜ ወደ ቁጥሩ ጥግ ተመልክታለች፤ የአድማጮቹን ፊት ያየችበት ጊዜ ሲደመር 1 ደቂቃ አይሞላም። ቪአሩ በሰዎች ፊት አላቆማትም፤ በልብ መለኪያ ፊት ነበር ያቆማት። ግድግዳ ላይ የማፍጠጥ ልማዷ ቦታ ለውጦ ቁጥሩ ላይ አረፈ፤ ሻርፑ የሠራውን ሥራ አሁን ባዮፊድባኩ ሠራው።

ለዚህ የታወቀ ማብራሪያ አለ። ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ በ1995 ባቀረቡት ሞዴል መሠረት ማኅበራዊ ጭንቀት ያለበት ሰው በሰው ፊት ሲቆም ትኩረቱን ወደ ራሱ ያዞራል፤ ውስጡ የሚሰማውን ይዞ ሌሎች የሚያዩት ይህንን ነው ብሎ ይደመድማል። የልብ ምትን ዓይን ፊት ማስቀመጥ ያንኑ ወደ ውስጥ የሚመለከት ዓይን በቴክኖሎጂ ማጠናከር ነው። የቀለሙ ሕግ ደግሞ ከዚያ ይከፋ ነበር፦ ከ100 በላይ አደጋ ነው፣ መናገር የሚቻለው ልብ ሲረጋጋ ብቻ ነው የሚል ትምህርት በየዙሩ ይሰጣት ነበር። ታካሚዋ የተማረችው በትክክል የተሰጣትን ትምህርት ነው። የተሳሳተው ያስተማራት ዕቅድ ነው።

ከዚህ በታች ሌላ ንብርብርም ነበር። ትንፋሹ ልቧን ባወረደ ቁጥር "ልቤ በፍጥነት እየመታ ብናገር ምን ይሆናል?" የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ያልፍ ነበር። ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ በ2014 እንደጻፉት መጋለጥ የሚያስተምረው የተፈራው ነገር ሳይከሰት ሲቀር ነው፤ ግምቱ እንዲወድቅ ደግሞ መጀመሪያ ለፈተና መቅረብ አለበት።

የተለወጠው ዕቅድ

ከ7ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ጊዜ ሴንሰሮቹ እንዳሉ ቀሩ፤ ቁጥሩ ግን ከአዳራሹ ወጣ። መዝገቡ ለባለሙያውም በንግግር ሰዓት እንዳይታይ ስክሪኑ ተሸፈነ፤ ፊቱ እንዳያሳብቅ። የእጅ ሰዓቷ ቤት ቀረ። ሻርፑ ከመነጽሩ በፊት ይወልቃል። ዘገምተኛው ትንፋሽ የጠዋትና የማታ ልምምድ ሆኖ ቀጠለ፤ በንግግር መሃል ግን ተከለከለ።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የሚሆነውን በጽሑፍ ትገምታለች። ግምቱ "እጨነቃለሁ" ከሆነ አይጠቅምም፤ ተጨንቃ ከወጣች ልክ ነበርሁ ትላለች። ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለበት። በ7ኛው ክፍለ ጊዜ የጻፈችው ይህ ነው፦ "ልቤ 150 ይደርሳል፤ ድምፄ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አቆማለሁ።" የዕለቱ ንግግር 8 ደቂቃ ነበር፤ ጨረሰችው። ከዚያ መነጽሩን አውልቃ፣ መስመሩን ከማየቷ በፊት፣ የልብ ምቷ የት እንደደረሰ ዳግም ገመተች።

"150 አልፏል" አለች።

"ይክፈቱት" አላት ባለሙያው።

ከፍተኛው 112 ነበር። ድምፅዋን ስትሰማው አንድ ቦታ ላይ ተይዟል፤ እሷ ሦስት ያለችው። ዝም ብላ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፤ ትልቁ ጫፍ የመጣው መናገር ከመጀመሯ በፊት፣ ስሟ በተጠራበት ሰዓት መሆኑን ራሷ አገኘችው። ባዮፊድባኩ እውነተኛ ሥራውን ያገኘው እዚህ ነው። በንግግር ጊዜ ዝም ይላል፣ ከንግግር በኋላ ይመሰክራል።

በ9ኛው ክፍለ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ ተገፋ። መነጽሩን ከማድረጓ በፊት ለ1 ደቂቃ ባለችበት ጉልበቷን ከፍ እያደረገች እንድትረግጥ ተደረገ፤ ልቧ 128 ሲደርስ ወዲያው ንግግሩን ጀመረች። አንገቷ ባዶ ነበር። የሚፈራው ነገር ሆን ተብሎ አስቀድሞ ተጠራ፤ ንግግሩ ግን አልተቋረጠም። በቀጣዩ ዙር ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠሩ 3 ሰዎች ከፊቷ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ተደረገ፤ ያዩትን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። አንዱም ስለ አንገቷ አልጻፈም። አንደኛዋ "ትንሽ ፈጠን ብላ ትናገራለች" ብላለች፤ ይህን ታካሚዋ ከምስጋናው ሁሉ ይልቅ አመነችው፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ለማባበል የተጻፈ አለመሆኑን አሳያት።

ምናባዊው አዳራሽም መታረም ነበረበት። የአድማጮቹ እንቅስቃሴ በየ90 ሰከንዱ ራሱን ይደግም ነበር። "ያ በስተግራ ያለው ሰውዬ አሁን ሊያስል ነው" ብላ ስትተነብይና ሲያስል ጭንቀቷ ከ60 ወደ 20 ወረደ፤ ያ መሻል አይደለም፣ የፕሮግራሙን ድግግሞሽ ማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ድርጊቶቹን ባለሙያው በቁልፍ ሰሌዳ፣ ያለ ቋሚ ቅደም ተከተል ያዛቸው ጀመር። ጥያቄዎቹም መጀመሪያ በእሱ ድምፅ ይጠየቁ ነበር፤ ድምፁን ስለለየችው ጥያቄው የወዳጅ ጥያቄ ሆነባት። ሌላ የማታውቀው ሰው በማይክሮፎን ሲጠይቃት የቆዳ ምላሿ ወዲያው ተነሳ። ደረጃዎቹን በተራ መውጣትም ቀረ፤ ከ8ኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ የትኛው አዳራሽ እንደሚከፈት አስቀድሞ አይነገራትም።

ከ8ኛው ሳምንት ወዲህ ያለ መነጽር የሚሠራ አንድ ሥራ በየሳምንቱ ነበራት፦ በስብሰባ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ ለ2 ባልደረቦች የ3 ደቂቃ ገለጻ፣ መጨረሻ ላይ ለ14 ሰዎች ሙሉውን የ10 ደቂቃ ሪፖርት። ሥራው በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ክፍለ ጊዜው ሳይቀዘቅዝ እንዲሠራ ተስማማች። ሪፖርቱን ያቀረበችው በ13ኛው ሳምንት ነው።

ውጤት

በ14ኛው ሳምንት የሊቦዊትዝ ነጥቧ 49፣ ከ6 ወር በኋላ 44 ሆነ። ከ30 በታች አልወረደም፤ ጭንቀቱ አለ፣ ሕይወቷን ግን እንደ ቀድሞው አያጥርባትም።

ለአንባቢው ከሁሉ ይበልጥ ማሳየት የምንፈልገው ሌላ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በአዳራሹ በነበረበት ጊዜ፣ ትንፋሹ ከመጀመሩ በፊት በሚታየው ጫፍ ላይ፣ ልቧ በንግግር መጀመሪያ በአማካይ 116 ይደርስ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ጊዜ 113 ነበር። ልቧ አልዘገየም ማለት ይቻላል። የተለወጠው ግምቷ ነው፤ በ7ኛው ቀን ከእውነቱ በ38 ምት ትርቅ የነበረችው በ12ኛው በ6 ብቻ ራቀች። ስለ ልቧ ስትጠየቅም "ይመታል፤ እኔም እናገራለሁ" ትላለች።

በእረፍት ሰዓት የሚለካው የልብ ምት ልዩነትም (በተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ መለዋወጥ) ጥቂት ከፍ ብሏል። ይህን ለሕክምናው ማስረጃ አናደርገውም፤ እንቅልፍ፣ የሰውነት እንቅስቃሴና የትንፋሹ ፍጥነት ራሱ ሁሉም ያንቀሳቅሱታል። በንግግር ጊዜ የተለካውን ልዩነት ደግሞ ጨርሶ አልተነተንነውም፤ መናገር ትንፋሽን ስለሚቆራርጥ ቁጥሩ ስለ ጭንቀት የሚናገረው ነገር የለውም።

ያልሠራውም አለ። እያቋረጡ የሚሳለቁና እየተነሱ የሚወጡ አድማጮች በ10ኛው ክፍለ ጊዜ ተሞከሩ፤ "እንዲህ የሚሆን ስብሰባ አላውቅም" ብላ ሳቀች፣ ዙሩም ባከነ። የሚያስጨንቃት ንቀት ሳይሆን ዝምታ ነበር፤ ንግግሯን ጨርሳ "ጥያቄ አለ?" ስትል ማንም የማይመልስበት 10 ሰከንድ። ያ ትዕይንት የተሠራው በ11ኛው ነው፤ ቀድሞ ተጠይቃ ቢሆን በ3ኛው ይሠራ ነበር። ከአለቃዋ ጋር ለብቻ መነጋገር አሁንም ይከብዳታል። ለዚህ አዳራሽ አይጠቅምም፤ ጠረጴዛና አንድ ሰው ያለበት ትዕይንት ያስፈልግ ነበር፣ አልተዘጋጀም።

ለሌላ ጉዳይ የሚሆነው

አንድ ሰው ብቻ የታከመበት ጉዳይ የትኛው እርምጃ ለውጡን እንዳመጣ ለይቶ አይናገርም። ቁጥሩ በተነሳበት ሳምንት ግምት መጻፍ፣ ሻርፕ ማውለቅና ብዙም ሳይቆይ የሥራ ቦታ ልምምድ አብረው ገቡ። መነጽሩ ራሱ መድኃኒት እንዳልሆነ ግን ከዚህ ጉዳይ ውጭም ይታወቃል። ፔጅ አንደርሰንና ባልደረቦቿ በ2013 ባወጡት፣ 97 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በቪአር መጋለጥና በቡድን ሕክምና መጋለጥ ሁለቱም ሕክምና ከሚጠባበቁት ቡድን በልጠዋል፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልታየም። የቪአር ጥቅም ሌላ ነው። አንድ አስፈሪ ቅጽበት በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ይደገማል፤ ዝምታው 10 ሰከንድ እንዲሆን ከተፈለገ ልክ 10 ሰከንድ ይሆናል፤ በቀጥታ ሰው ፊት ቆማ የሸሸች ታካሚም የምትገባበት በር ይሆናል። በሩ ላይ መቅረት እንዳይመጣ የውጭው ሥራ ከመጀመሪያው ሳምንት በዕቅዱ መጻፍ አለበት፤ እዚህ እስከ 8ኛው ሳምንት መዘግየቱ ጊዜ አባክኗል።

በክፍለ ጊዜ ውስጥ የጭንቀት ነጥብ መውረዱን ብቻ አይቶ መሻልን ማወጅም አደገኛ ነው። በ6 ክፍለ ጊዜ ከ80 ወደ 35 የወረደው ነጥብ ከውጭ በመጣ አንድ ስብሰባ ተሽሯል። ዓይን የሚከታተል መነጽር ያለው ባለሙያ ከልብ መስመሩ በፊት ታካሚው የት እንደሚያይ መዝገቡን ይክፈት፤ በዚህ ጉዳይ ከ3ኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ያለው መረጃ እዚያው ተቀምጦ ነበር፣ እስከ 7ኛው ማንም አላየውም።

የልብና የላብ መዝገብ የሕክምና ምስጢር ነው። ታካሚዋ የትኛው መረጃ እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ጊዜ፣ ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ተነግሯት ፈርማለች፤ የመነጽሩ አምራች ጋር በራሱ የሚላክ የዓይን መረጃ እንዳይኖርም ማስተካከያው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተዘግቷል።

ቁጥሩን ማሳየት ለሁሉም ይጎዳል ማለት አይደለም። ፍርሃቱ "የምለው ይጠፋኛል" ወይም "ሞኝ እመስላለሁ" የሆነ ሰው ከልቡ ቁጥር ጋር ይህን ያህል ጠብ የለውም፤ ትንፋሽ ሲማር ሞገዱን ማየቱ ያግዘዋል። ስለዚህ ቀበቶው ከመታሰሩ በፊት በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ "ሰዎች በሰውነትዎ ላይ ምን ያዩብኛል ብለው ይሰጋሉ?" መልሱ ሴንሰሩ የሚለካው ያው ነገር ከሆነ፣ ስክሪኑ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ተሸፍኖ ይጀመር፤ መስመሩም ታካሚው ግምቱን በወረቀት ከጻፈ በኋላ ብቻ ይከፈት።